ጅማ ላይ ሆት ዶግ ስታዙ ሶሴጁ ሳይቆረጥ እዩት

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳም ሆናችሁ መርካቶ፣ መናኸሪያ አካባቢም ሆናችሁ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ፣ ሆት ዶግ ማግኘት አይቸግርም። ደህና አድርገው የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ የሚመለከተው «ስፔሻል» ወይም «ጃምቦ» ተብሎ ከቺፕስና ከለስላሳ ጋር ተጣምሮ የሚሸጠውን፣ ዳቦው ሲከፈት ግን ግማሽ ሶሴጅ ብቻ የሚገኝበትን ነው። ያም ግማሽ በማዮኔዝና በካቻፕ ተሸፍኖ ይመጣል። ሽፋኑ ለጣዕም ብቻ አይምሰላችሁ፤ የደረቀ፣ የጎመዘዘ ወይም ሁለቴ የተጠበሰ ሶሴጅ የሚያልፈው በእሱ ሥር ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህችን ያዙ፦ ሶሴጁ ከመቆረጡና ዘይት ከመንካቱ በፊት አሳዩኝ በሉ። ደህና ቤት አይከፋውም።

መጀመሪያ ሂሳቡ። ሶሴጅ የሚገዛው በኪሎ ነው፣ የሚሸጠው በፍሬ። አንድ ኪሎ ፓኬት 20 ፍሬ ከያዘ አንዱ 50 ግራም ነው። ቁመቱን ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ አንድ ዳቦ ውስጥ ከገባ፣ ከዚያው ኪሎ 40 ሳንዱች ይወጣል፤ እናንተ የበላችሁት 25 ግራም ነው። መሰንጠቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ሁለቱም ገጽ ምጣዱን ስለሚነካ መሃሉ ቶሎ ይሞቃል። ጥፋቱ ግማሹን በሙሉ ዋጋ መሸጥ ነው። ለመለየት ዳቦውን ክፈቱት፦ ከአንድ ጎኑ ክብ፣ ከሌላው ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ አንድ ቁራጭ ብቻ ካለ ግማሽ ነው፤ ሙሉው ተሰንጥቆ ከሆነ ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ይተኛሉ ወይም በቆዳቸው እንደተያያዙ ናቸው። «ጃምቦ» ካሏችሁ በኪሎ ስንት ፍሬ እንደሚገባ ጠይቁ። 10 ከሆነ አንዱ 100 ግራም ነው፣ ስሙ ይገባዋል። 20 ከሆነ ጃምቦነቱ ሜኑው ላይ ብቻ ነው። ቺፕሱ ተቆልሎ ቢመጣም ድንች ከሥጋ ይረክሳል፤ ሳህኑ የሞላው በርካሹ ነው።

የገንዘቡ ኪሳራ ቀላሉ ነው። ከባዱ ያለው ቅዝቃዜው ላይ ነው።

ሶሴጅ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ የበሰለ ሥጋ ነው። ሥጋው ከጨው፣ ከስብና ከበረዶ ጋር ደቅቆ ይፈጫል፤ ጨው ከሥጋው የሚያወጣው ፕሮቲን ስቡንና ውሃውን አቅፎ ይይዛል፣ ሲበስል ይረጋል። ሮዝ ቀለሙ የሚመጣው ሥጋው እንዳይበላሽ ከሚጨመረው ናይትራይት ከሚባል ጨው ነው። ይህ ቀለም ሶሴጁ መበላሸት ከጀመረ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል፣ ቀይ ስለሆነ ትኩስ ነው ማለት አያስኬድም። ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ዲግሪ በታች፣ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ፓኬቱ አንዴ ከተከፈተ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም።

አሁን መንገዱን አስቡት። ጅማ የሚደርሰው ሶሴጅ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ወልቂጤን አልፎ፣ ግቤ በረሃ ወርዶ የሚወጣ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ከመጣ ገና ግቤ ሳይሻገር መቅለጥ ይጀምራል። ጅማ ሲደርስ ተመልሶ ፍሪዘር ይገባል፣ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል፣ ማንም ምንም አላየም። ከዚያ መብራት ይጠፋል። የሞላ ዲፕ ፍሪዘር ሳይከፈት ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ እስከ 24 ሰዓት፣ ተራ ፍሪጅ ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ይህ ግን በሩ ተዘግቶ ሲቆይ ነው። ለስላሳውም ውሃውም ሶሴጁም ከአንድ ፍሪጅ በሚወጣበት ቤት በሩ በየደቂቃው ስለሚከፈት ይህን ቁጥር አትመኑት።

ሲቀልጥና ደግሞ ሲረጋ ሁለት ነገር ይደርስበታል። በዝግታ የሚረጋ ውሃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራና ስቡንና ውሃውን የያዘውን መረብ ይበጣጥሰዋል፤ በሚቀጥለው ማቅለጥ ውሃው ይፈሳል፣ ሶሴጁ ይሸበሸባል፣ ሲነከስ እንደ አሸዋ ይፈረፈራል። ሁለተኛው፣ ብርድ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። በቀለጠ ቁጥር ካቆመበት ይቀጥላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ደግሞ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋውያንና በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት እንፋሎት እስኪወጣው ያልሞቀ ሶሴጅ ፈጽሞ አትብላ።

ፓኬቱን ሲያሳዩአችሁ ይህን ተመልከቱ። ፕላስቲኩ ሶሴጁ ላይ ጥብቅ ብሎ መለጠፍ አለበት። ካበጠ ውስጡ ጋዝ ተፈጥሯል፣ ተዉት። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከተጠራቀመበት፣ ሲነካ ከሙጫ የማይለይ ልጋግ ካለው፣ ሲሸተት ኮምጠጥ ካለ፣ ወይም አረንጓዴና ግራጫ ነጠብጣብ ካወጣ ያለቀለት ነው። ፓኬቱ ውስጥ ተበትኖ የረጋ ብዙ በረዶ ደግሞ አንዴ ቀልጦ የተመለሰ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ልጋጉን በውሃ አጥቦ መጥበስ የተለመደ መላ ነው፤ ማጠብ ሽታውን እንጂ ችግሩን አይወስድም።

ቀኑም ለውጥ አለው። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴ፣ የሥጋ ገበያ ይቀንሳል፤ በረመዳን ደግሞ ቀኑ ጭር ብሎ ማታ ይሞቃል። ማክሰኞ ተቆጥሮ የቀለጠ ሶሴጅ ሳይሸጥ ካደረ ሐሙስ ሊመጣላችሁ ይችላል። ሆት ዶግ ካማራችሁ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓትና ቶሎ ቶሎ በሚሸጥበት ቤት ብሉ። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ግን ሽሮ እዘዙ።

አጠባበሱ ላይ ሁለት ስህተት ይበዛል። አንደኛው፣ የረጋውን ሶሴጅ ሳያቀልጡ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ የሞቀ ዘይት ውስጥ መክተት ነው። ላዩ በአንድ ደቂቃ ይጠቁራል፣ ቆዳው ይፈነዳል፣ መሃሉ ቀዝቃዛ ነው። መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ገበታ ላይ ቴርሞሜትር ስለማይገኝ ከመሃል ስበሩት፦ እንፋሎት ካላወጣና ለጣት ካላቃጠለ መልሱት። ሁለተኛው፣ ጠዋት የተጣደ ድስት ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ሲዘፈዘፍ መዋል ነው። ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት፤ እጅ ችሎ የሚገባበት ውሃ ለባክቴሪያ እንጂ ለሶሴጅ አይሆንም። ውሃው ደፍርሶ ላዩ ላይ ስብ ከተንሳፈፈ ስንት ሶሴጅ እንደገባበት አትጠይቁ። ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው፦ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ሶሴጅ፣ ሳይንተከተክ በደንብ በጋለ ውሃ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ፣ ከዚያ ምጣድ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀለም እስኪይዝ። ውሃው ከተንተከተከ ሶሴጁ ይፈነዳል፣ ጣዕሙም ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ዘይቱ ቺፕስ የተጠበሰበት ያው ዘይት ነው። ቡና ከመሰለ፣ ወፍሮ እየተንጠባጠበ ከወረደ፣ አረፋው ሳይጠፋ ከቆየ ወይም ገና ምግብ ሳይገባበት ከጨሰ አልቆለታል። ላዩ ላይ አዲስ ዘይት መጨመር አያድሰውም፤ አሮጌው አዲሱንም ቶሎ ያበላሸዋል።

ማዮኔዙን ለብቻው አስመጡ። ቤት ውስጥ የሚመታው በጥሬ እንቁላል ነው፣ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። የሚጨመቀው ጠርሙስ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፣ ሲያልቅ ሳይታጠብ ይሞላበታል። አፉ ላይ የደረቀ ቢጫ ቅርፊት ካያችሁ ካቻፑ ይበቃችኋል።

ፓኬት ገዝታችሁ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ቀኑን ስታነቡ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የፈረንጁ ዓመት በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ይበልጣል። ያለፈበትን ፓኬት «ቀኑ በእኛ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሊያጋጥም ይችላል፤ ዓመቱን ቀንሳችሁ አረጋግጡ። ሃላል መሆኑን የምትፈልጉ የበሬ ወይም የዶሮ መባሉ ብቻ አይብቃችሁ። ከውጭ የሚገባ የቆርቆሮ ሶሴጅ የአሳማና የዶሮ ቅልቅል ሊሆን ስለሚችል የተዘረዘረውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ዱቄት የበዛበትን ለመለየት አዮዲን፣ ቤታዲንም ይሁን፣ ዳቦ ያልነካው ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለው። ስታርች መጨመር የተለመደ ነው፣ ወንጀልም አይደለም፤ በሥጋ ዋጋ ከገዛችሁት ግን ማወቅ ይገባችኋል። ያን ቁራጭ ጣሉት እንጂ አትብሉት።

ተታለልን ካላችሁ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የግማሽና የሙሉ ክርክር የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው፤ የተበላሸ ምግብ ከሆነ ጤና ጽሕፈት ቤቱን ወይም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ነጻ መስመር 8482 ተጠቀሙ። የተረፈውን ሳትጥሉ በንጹሕ ላስቲክ ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ። ፎቶ ስታነሱም የፓኬቱ ቀንና የምርት ቁጥር የሚነበብ ይሁን፤ የሳንዱቹ ፎቶ ብቻውን ለተቆጣጣሪ ብዙ አይነግርም።