ሞላው አልሞተም፤ ቆዳው ነው የደረቀው

ይህን የአየር ጠመንጃ ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። ላዩ ላይ ዊንቸስተር 427 ይላል፤ ግን አሜሪካዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ጠመንጃ ሠሪ ዊንቸስተር በራሱ ስም ያስመጣው የነበረ፣ ጀርመን ራስታት ከተማ የተሠራ ዲያና 27 ነው።

የሸጠልኝ ሰውዬ «ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ብሎኝ ነበር። መታደስ ሰደፉን ቫርኒሽ መቀባት ከሆነ እውነቱን ነው። ተኩሱ ግን ያሳፍራል። ጥይቷ ካርቶን ላይ ደርሳ ትነጥራለች። ስደውልለት «ሞላው ሞቷል፣ አዲስ አለኝ፣ ልሽጥልህ» አይለኝም? ጉድ እኮ ነው! ታድሷል ያልከው ዕቃ ሞላው መቼ ሞተ?

ፈታሁት። ሞላው ታፍኖ ስለሚቀመጥ ሳይያዝ ከተፈታ ተወርውሮ ዓይን ያጠፋል፤ ሞርሳና ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲወጣ ቀጥ ያለ፣ ደህና ሞላ ነው። ጉዱ ያለው ሞላው እየገፋ አየሩን የሚያስጨምቀው ፒስተን ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎማ ሳይሆን ቆዳ ነው፤ ቆዳው ደግሞ የሚሠራው በዘይት ሲርስ ነው። የኔው ጠርዙ ተጨማዶ ቋንጣ መስሏል። ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ጠርዙ ተከፍቶ አገኘሁት። አንድ አዲስ ዕቃ አልገዛሁም!

ያላበኝ መልሶ መግጠሙ ነው። የዚህ ጠመንጃ ምላጭ ፒስተኑን የሚይዘው በሦስት ትንንሽ የብረት ብዮች ነው። በግሪስ ለጥፈህ ትደረድራቸዋለህ፤ አንዷ ታመልጥና ጠረጴዛ ሥር ገብተህ ትፈልጋለህ። ምላጩን ስትስበው ግን ይቅር ትላቸዋለህ። ሳይጎትት፣ ጥርት ብሎ ይለቃል።

መጀመሪያ ላይ ትንሽ አጨሰ፣ ጮኸም። የተረፈው ዘይት አየሩ ሲጨመቅ በሚፈጠረው ሙቀት እየተቃጠለ ነው፤ ሲያልቅ ተወው። አሁን ያንኑ ካርቶን በስቶ ያልፋል።

ሱቅ ስገባ «ይሄ አሮጌ ምን ያደርግልሃል? አዲሱ በሰከንድ ከ1,000 ጫማ በላይ ይሄዳል» ይሉኛል። ይሂዳ! እኔ ሩጫ አላወዳድርበት። የነሱን አፈሙዝ አጥፎ ሞላውን ለመወጠር ጉልበት ያስፈልጋል፣ ሲተኮስም ይዘላል። የኔው በቀላሉ ይታጠፋል፣ ያነጣጠርኩበት ይሄዳል፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ጠብታ ዘይት ነው የሚጠይቀኝ። በጥሩ ዋጋም ቢመጡ አልሸጠውም።

ሰውዬው ስለ ሞላው እስካሁን ይጽፍልኛል። ዋጋ እየቀነሰ ነው።