ለሐይቅ ጥናት የትኛው የጎማ ጀልባ? ጥቅልሉ፣ የአየር ወለሉ ወይስ ሪቡ

ጣና ላይ ናሙና ለመሰብሰብ የጎማ ጀልባ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ርዝመትና ስለ ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከጀልባው ጎን ወደ ውኃው የሚወርደው ዕቃ ምንድን ነው? ሴኪ ዲስክ (የውኃ ጥራት የሚታይበት ሳህን) እና የናሙና ጠርሙስ ብቻ ለሚያወርድ ቡድን የሚበቃ ጀልባ፣ ኤክማን የሚባለውን የጭቃ መንጋጋ ቀኑን ሙሉ ለሚጎትት ቡድን አይበቃም።

ጥቅልሉ

ወለሉ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ከነወለሉ ተጠቅልሎ ፒካፕ ላይ ይጫናል። ርዝመቱ 2.5 ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ሲሆን 4 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይበቃዋል። ታንኳ ብቻ የሚገባበት የደንገል ዳር ላይ የሚወዳደረው የለም። የፕላንክተን (በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) መረብም የሚጎተተው በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህን ሥራ ይችላል። ቆሞ መሥራት ግን አይታሰብም፤ ወለሉ ከእግር ሥር ይታጠፋል። ሁለት ሰው፣ ከዳር ብዙ ሳይርቁ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሣ መመለስ፤ ልኩ ይኸው ነው።

የአየር ወለሉ

ለአብዛኛው ቡድን የምንመርጠው ይህን ነው፤ ከ3.2 እስከ 3.6 ሜትር፣ ከ10 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት። ወለሉ በብዙ ሺህ ክሮች የተያያዙ ሁለት ሸራዎች ነው፤ በደንብ ሲነፋ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጎን ቱቦው የሚፈልገው የአየር ግፊት 0.25 ባር ገደማ ሲሆን ወለሉ ግን ከ0.7 እስከ 0.8 ባር ይፈልጋል። ፓምፑን ለወለሉ በተስተካከለበት ልክ ቱቦው ላይ መሰካት ስፌቱን ይከፍታል፤ ወለሉን በቱቦው ልክ መተው ደግሞ ጀልባውን ፍራሽ ያደርገዋል። (ትክክለኛው ቁጥር ጀልባው ላይ ተጽፏል፤ የሚሠራው እሱ ነው።)

ጠላቱ ሹል ነገር ነው። መንጋጋው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ያንጥፉ። አምባዛ ከመረብ ሲፈታ በቀጥታ ወደ ፕላስቲክ ሣጥን ይግባ፤ የጎን ክንፉ እሾህ መጋዝ ነው።

ሪቡ

ሆዱ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ፣ ጎኑ ጎማ ነው። ጥልቀት መለኪያ ሶናር የሚያስሩ ከሆነ ሌላውን ይርሱት፤ ሆዱ ስለማይታጠፍ መለኪያው ከቦታው አይነቃነቅም። ማዕበልም በተሻለ ይቋቋማል። ነገር ግን ተጎታችና መልካም ማውረጃ ይፈልጋል፤ ዳሩ ጭቃ ወይም እምቦጭ ከሆነ ጀልባውና ሞተሩ በሰው ጉልበት አይወርዱም።

ከነተነፋ በተጎታች የሚሄድ ሪብ ሌላም ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ የተነፋ ቱቦ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ይለሰልሳል። ሹፌሩ ድልድዩ አጠገብ አየር ይጨምርበታል፤ ደጀን ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ያው ቱቦ ከ0.35 ባር በላይ ይሆናል። በረሃው ውስጥ አይጨምሩ፤ የሚስተካከለው ሐይቁ ዳር ነው።

ሻላና አቢጃታ ላይ ለመሥራት አሉሚኒየም አይግዙ። ውኃው ሶዳ ነው፣ አሉሚኒየም ይበላል። ፋይበርግላስ ይምረጡ፤ ሲወጡም ሞተሩን ጭምር በንጹሕ ውኃ ያጠቡ። ጫሞ ላይ ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አንመክርም፤ አዞና ጉማሬ ባለበት ጠንካራ ጎን ያለው ትልቅ ጀልባ ይከራዩ።

ሞተሩና ጭነቱ

ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት 15 የሆነው በውኃው ላይ 12 ገደማ ነው። ትልቅ ሞተር መግዛት መፍትሔ የሚመስለው አለ፤ የጀልባው ጀርባ ግን ከተፈቀደለት በላይ አይሸከምም። ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት) ያነሰ ፕሮፔለር ይግጠሙ፤ ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ጂግለሩን (ቤንዚን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ለከፍታው ያስቀይሩ።

ጭነት ሲያሰሉ ሦስት ሰው 210 ኪሎ፣ ባለ 15 ፎርስትሮክ ሞተር 50፣ 25 ሊትር ቤንዚን ከነታንኩ 22፣ ሃያ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ከነበረዶው 35፣ መንጋጋ፣ ባትሪና መልሕቅ 30፤ ወደ 350 ኪሎ ይደርሳል። ጀልባው ላይ የተጻፈው ከ500 ካነሰ ይለፉት፤ የረጠበ መረብና ዓሣ ገና አልተቆጠረም።

ጨርቁ

ፒቪሲ ርካሽ ነው፤ ፀሐይ ግን ያደርቀዋል። በገበያ ሃይፓሎን የሚባለው ውድ ቢሆንም ፀሐይና ቤንዚን ይችላል። ጀልባው ውጭ የሚያድር ከሆነ ሃይፓሎን፣ መጋዘን የሚገባ ከሆነ ፒቪሲ ይበቃል። ማጣበቂያቸው የተለያየ ስለሆነ ከጀልባው ጋር የየራሱን ይግዙ። ለቀዳዳ ከዙሪያው በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ቁራጭ ይቁረጡ፤ አጽድተው ይለጥፉና ሳይነፉት 24 ሰዓት ይተዉት።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ጀልባውን በማለዳ ያስነፉት፤ በቫልቮቹና በስፌቱ ላይ የሳሙና ውኃ ይቀቡና አረፋ ይፈልጉ። ከዚያ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ግፊቱን ይለኩ። ቀትር ላይ አይለኩ፤ 20 ዲግሪ ላይ 0.25 የነበረው ቱቦ ፀሐይ 40 ዲግሪ ስታደርሰው 0.32 ገደማ ያሳያል፤ የሚያፈስም ቢሆን ሙሉ ይመስላል።