ዊተን ያለው የሥራ ማዕከል፦ ከፓርኪንግ ወደ ባዮቴክ

ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምትኖሩ፣ በተለይ አገር ቤት ሳይንስ ተምራችሁ እዚህ ፓርኪንግና ሱቅ ውስጥ ለቀራችሁ፦ ዊተን ያለውን አሜሪካን ጆብ ሴንተር፣ ሥራ ፈላጊን የሚያማክረውንና ወደ ሥልጠና የሚልከውን ማዕከል፣ ሄዳችሁ ሞክሩት። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁት በሠራተኞቹ ከፍቶኝ አይደለም፤ ጣጣው ከላይ ከሕጉ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ገንዘቡ የሚመጣው ኦባማ በ2014 ከፈረሙት የፌዴራል የሥራና ሥልጠና ሕግ ነው። በስቴቱ በኩል ወደየአካባቢው ይወርድና፣ ሠራተኛ በሚፈለግባቸው ዘርፎች ለሚሠለጥን ሰው ክፍያው ለትምህርት ቤቱ ይገባለታል። በእጅ የሚሰጥ ብር የለም፣ ብድርም ስላልሆነ የሚመለስ ዕዳ የለም። ትምህርት ቤቱ ግን ስቴቱ ካጸደቀው ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት።

በኛ ካውንቲ ሥራው የት እንዳለ ለማወቅ 270 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ላይ መንዳት ነው። ቤተዝዳ ላይ የፌዴራሉ የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች፣ ጌተርስበርግ ላይ መድኃኒትና ክትባት አምራቾቹ አስትራዜኔካና ኖቫቫክስ፤ በወዲህ በኩል ደግሞ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ዋይት ኦክ ላይ አለ። እኔ ከሀረማያ በኬሚስትሪ ተመርቄ ቤተዝዳ ፓርኪንግ ውስጥ የእነዚህን መሥሪያ ቤቶች ሰዎች መኪና አስገባ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ታላቃችን "አንተ ልጅ፣ ያንን ዲግሪ ለማን ነው ያስቀመጥከው?" እያለ ሲነዘንዘኝ ነው የሄድኩት።

አማካሪዋ ምን መማር እንደምፈልግ አልጠየቀችኝም። ኮምፒውተሯን ወደኔ አዞረችና ክፍት የሥራ ማስታወቂያዎች አብረን አነበብን። የሚጠይቁት ምን መሰላችሁ? የንጹሕ ክፍል (ክሊን ሩም፣ አቧራና ጀርም እንዳይገባበት የሚጠበቅ ማምረቻ) አሠራር የሚያውቅ፣ የምርት መዝገብ በሥርዓት የሚሞላ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚረዝም ሺፍት የሚችል። ቴርሞዳይናሚክስ የሚል አንድም አላየሁም። ዲግሪዬን ሳንጥል የጎደለውን ብቻ የሚሞላ አጭር የባዮ መድኃኒት ማምረቻ ሥልጠና መረጥን። ለዚህ ምክር ብቻ ሁለት ኮከብ ይገባታል።

ሥልጠናው እጅን ነው የሚያሠለጥነው። ክሊን ሩም ለመግባት የፀጉር መሸፈኛ፣ የጢም መሸፈኛ፣ ከዚያ ቱታ፤ ቱታው ወለል ሳይነካ ጠቅልሎ ይዞ መልበስ። ንጹሑን ወገን ከውጪው የሚለየው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ አንዱን ጫማ ሸፍነህ ወዲያ ማዶ ታሳርፋለህ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ያልተሸፈነው እግር ማዶ ከነካ እንደገና ሀ ብለህ። መዝገቡ ደግሞ ይብሳል። ቁጥር ከተሳሳትክ ፍሉድ መቀባት ወይም መደለዝ ክልክል ነው፤ በአንድ መስመር ብቻ ትሰርዘዋለህ፣ የተሰረዘውም መነበብ አለበት፣ ጎኑ ላይ ፊርማና ቀን። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲ ላብ ሪፖርት ከጓደኛ እንገለብጥ ለነበርን ሰዎች ትንሽ ይከብዳል።

ይህን ትምህርት ቤት ከመምረጤ በፊት ከዚያው ዝርዝር ሌላ አንድ አይቼ ነበር። ስሙን ልተወው። ዕቃው ፕላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል፣ ካለፈው ዙር ስንት ሰው በሙያው እንደተቀጠረ ስጠይቅ ስለ ምረቃ ሥነ ሥርዓቱ ነገሩኝ። ዝርዝሩ ውስጥ መገኘት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ እወቁ፤ ሳትፈርሙ በአካል ሂዱና እዩ።

አሁን ወደ ቀረችው ኮከብ። ሕጉ ማዕከላቱን የሚመዝነው ሰው ሠልጥኖ ከወጣ በኋላ በሁለተኛውና በአራተኛው ሩብ ዓመት ሥራ ላይ መሆኑንና ደሞዙን አይቶ ነው። ለቁጥጥር ጥሩ ነው፣ ግን የትም ይሁን የት ቶሎ የሚቀጠር የሚመስለውን ሰው ማስቀደምን ይጋብዛል። ችግረኛ ቅድሚያ ያግኝ የሚል አንቀጽ አለው፤ እንግሊዝኛዋ ገና የሆነች፣ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ግን ፎርሙ ላይ ቅድሚያ ብታገኝም ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ማን ኪራይ ይክፈልላት? ትራንስፖርትና የልጅ ማቆያ ሊታገዝ ይችላል፣ የምታጣውን ደሞዝ የሚተካ ግን አይደለም። በዚያ ላይ በ2025 ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብዙ ሰው ተቀነሰ፤ ዛሬ ለአንድ የላብ ቦታ አብሯችሁ የሚያመለክተው የኤንአይኤች ልምድ ያለው ሊሆን ይችላል።

እኔ አሁን ሮክቪል አንድ ድርጅት ውስጥ የሌሊት ሺፍት ላይ ነኝ። ክፍያው ከፓርኪንጉ ይሻላል፣ ኢንሹራንስም አለው።

ለምትሄዱ፦ መታወቂያ፣ የሥራ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ፣ የገቢ ማስረጃ ያዙ። ወንዶች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 ጀምሮ የተወለዳችሁ በሙሉ ስለ ሰለክቲቭ ሰርቪስ፣ ማለት ለውትድርና ስለ መመዝገብ፣ ትጠየቃላችሁ። 26 ዓመት ከሞላችሁ በኋላ አሜሪካ ከገባችሁ መመዝገብ አይመለከታችሁም፣ ግን የገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ከሌላችሁ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል። መኪና የሌላችሁ በሜትሮ ባቡር ቀይ መስመር ዊተን ውረዱ፤ ያ ማለቂያ የሌለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ከቆመ ግን በእግር ለመውጣት አትሞክሩት፣ ሊፍት አለ። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ከ2025 ጀምሮ በነፃ ነው። ሌሊት የምትሠሩ ደግሞ የማታ ክፍል መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የኔው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር የሚጀምረው።