በጎንደር የሚሸጥ አገር በቀል ችግኝ፦ የትኛው ለወፍ ይሆናል?

ከከተማዋ ዳር ካለ አንድ ችግኝ ማፍያ ለቤተ ክርስቲያን ደን ጠርዝ የሚሆን ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራና ጽድ ገዝተን አይተናል። በጥቅሉ ይገዛል፤ ጽዱ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

«ጽድ» ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ የፈረንጅ ጽድ ተቀላቅሏል። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። የአገሩ ጽድ የሚያፈራው ሥጋ ያለው ሰማያዊ ፍሬ ነው፤ ጥቁር ክንፍ ያላት የአገራችን ትንሽ በቀቀን የምትለቅመውም እሱን ነው። የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የደረቀ ስለሆነ አይጠቅማትም። ለመለየት ቅጠሉን በመዳፍ ጨበጥ ማድረግ ነው፤ የአገሩ በችግኝነቱ መርፌ መሳይ ስለሆነ ይወጋል፣ የፈረንጁ ቶሎ ይለሰልሳል። ደግሞም የአገሩ ጽድ ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ አንድ ሁለት ብቻ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ አይቻልም፤ 10 ያህል ቢሆን ይሻላል።

ዋንዛው እንደ እርሳስ የወፈረ፣ ጠንካራ ነው። ችግሩ ከሥሩ ነው። ከረጢቶቹ ባዶ መሬት ላይ ስለከረሙ ዋናው ሥር ፕላስቲኩን በስቶ መሬት ይዟል። ሲነሣ ይበጠሳል፤ ከተተከለ በኋላ ዝናቡ ጥቂት ቀን ሲያቋርጥ ይጠወልጋል። ስለዚህ ሳይከፍሉ በፊት ከረጢቱን ገልብጦ ማየት ነው። ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ታችኛውን 2 ሳንቲ ሜትር በምላጭ ቆርጦ መጣል፣ ከዚያ ጎኑን ቀድዶ ፕላስቲኩን ጨርሶ ማውጣት። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻው ይቀመጥና ሥሩ አጠገብ ይመለሳል።

ወይራውና ብሳናው ጥሩ ናቸው።

ዋንዛ ብርሃን ስለሚወድ ከአሮጌዎቹ ዛፎች ጥላ ውጪ ይተከል። ቦታ ለማግኘት ተብሎ የደረቀ ግንድ መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚፈለፍለው እዚያ ላይ ነው፤ እሱ ትቶት የሄደው ቀዳዳ ለበቀቀኗ ቤት ይሆናል። ዛሬ የተተከለ ችግኝ እንዲህ ያለ ቀዳዳ እስኪኖረው አሥርተ ዓመታት ይፈጃል።

ግዢው ሰኔ መጨረሻ፣ ተከላው እስከ ሐምሌ አጋማሽ ቢሆን ጥሩ ነው። የጎንደር ዝናብ መስከረም ላይ ስለሚያበቃ፣ ነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ዋንዛና ብሳና በበጋ ቅጠላቸውን ሲያረግፉም የሞቱ መስሎ እንዳይነቀሉ፣ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ዛፉ አለ።