«ሚስተር ስኩዊድ»፦ የጆሴፍሰንን መጋጠሚያ ለተማሪ የሚያሳይ መሣሪያ ግምገማ

ለፊዚክስ ማስተማሪያ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ የሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም የሚያስተላልፍ ቁስ) መሣሪያዎች የሚያሳዩት በቀዘቀዘ ቁራጭ ላይ የሚንሳፈፍ ማግኔትን ነው። ትዕይንቱ ያምራል፤ ተማሪው ለክቶ ወደ ደብተሩ የሚያሰፍረው ነገር ግን እምብዛም አይገኝበትም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በሳንታ ፌ ከተማ የሚገኘው ስታር ክራዮኤሌክትሮኒክስ የሚያቀርበው «ሚስተር ስኩዊድ» ከዚህ ይለያል፤ ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች በመካከላቸው ያለውን እጅግ ቀጭን ድንበር ተሻግረው እንዴት እንደሚተሳሰሩ በቁጥር ያሳያል። በማስተማሪያ ቤተ ሙከራ ስለተጠቀምኩበት፣ ለመግዛት ለሚያስቡ የትምህርት ክፍሎች የሚበጅ መስሎ የታየኝን እጽፋለሁ።

መሣሪያው የቆመበት ሐሳብ የብራያን ጆሴፍሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በካምብሪጅ የ22 ዓመት የምርምር ተማሪ ሳለ፣ ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች በስስ የማያስተላልፍ ንጣፍ ቢለያዩም ጥንድ ጥንድ የሆኑ ኤሌክትሮኖች ያለ ምንም ቮልቴጅ ንጣፉን እንደሚያልፉ፣ የሚያልፈውንም ከረንት መጠን የሚወስነው በሁለቱ ወገን ባሉት ሞገዶች መካከል ያለው የፌዝ (የሞገድ ዑደት ደረጃ) ልዩነት እንደሆነ በስሌት አሳየ፤ እንዲህ ያለው ግንኙነት የጆሴፍሰን መጋጠሚያ ይባላል። በተከታዩ ዓመት ፊሊፕ አንደርሰንና ጆን ሮዌል በቤል ላብራቶሪዎች ይህንኑ በሙከራ አረጋገጡ። ሁለት እንዲህ ያሉ መጋጠሚያዎች በአንድ ቀለበት ላይ ሲገጠሙ ስኩዊድ የሚባለው፣ እጅግ ደካማ መግነጢሳዊ መስክን እንኳ የሚለይ መለኪያ ይገኛል።

ከመሣሪያው ጋር የሚመጡት ዋና ዋና ዕቃዎች ስኩዊዱ ያለበትን ቺፕ በጫፉ የያዘው ዘንግ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ፣ የፈሳሽ ናይትሮጅን መያዣውና በእንግሊዝኛ የተጻፈው መመሪያ ናቸው። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ላይ የሚስል መሣሪያ) እና ናይትሮጅን ገዢው ራሱ ያዘጋጃል። መመሪያው ከአሠራር መግለጫነት አልፎ ንድፈ ሐሳቡንም በትዕግሥት ስለሚያስረዳ፣ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ቢነበብ አያሳፍርም።

ሙከራው የሚጀምረው ዘንጉን ቀስ አድርጎ ወደ ናይትሮጅኑ በማውረድ ነው። በኦሲሎስኮፑ ላይ ከረንቱ በአግድም፣ ቮልቴጁ በቁም ይታያል። በመጀመሪያ የሚታየው እንደ ማንኛውም ተራ ሽቦ ያዘመመ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ከይትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራው ስስ ንጣፍ ከ90 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ሴልሺየስ) አካባቢ በታች ሲቀዘቅዝ ግን የመስመሩ መካከል እየተኛ ይሄድና፣ ከረንቱ እያለ ቮልቴጁ ዜሮ የሆነበት ጠፍጣፋ ክፍል ብቅ ይላል። ተማሪዎች በዚህ ቅጽበት ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላሉ፤ በቃል ሲነገራቸው የቆየው በዓይናቸው ፊት ሲከሰት ያያሉና። ቀጥሎ መቀየሪያውን አዙሮ በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፈውን መግነጢሳዊ ፍለክስ (የመስኩን ጠቅላላ መጠን) ሲቀያይሩ፣ ቮልቴጁ እንደ ሞገድ ከፍና ዝቅ ይላል። ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት አንድ የፍለክስ ኳንተም (የፍለክስ ትንሹ መለኪያ መጠን)፣ ማለትም 2.07 × 10⁻¹⁵ ዌበር ነው። ይህ መጠን ከቀለበቱ ቅርጽም ሆነ ከተሠራበት ቁስ ጋር አይያያዝም፤ የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለሁለት ኤሌክትሮኖች ቻርጅ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ሞገዱ ተዛብቶ ከታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቺፑ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ተይዞ የቀረ ፍለክስ ስለሆነ፣ ዘንጉን አውጥቶ ማሞቅና እንደገና በዝግታ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ድክመት ሊባል የሚችለው አብዛኛው የሚመነጨው ከፊዚክሱ ነው። በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በ77 ኬልቪን፣ የሙቀት መናወጥ ከ3 ማይክሮአምፔር በላይ ከሆነ ከረንት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ጠፍጣፋው ክፍል የሚያበቃበት ማዕዘን በመጽሐፍ እንደሚሳለው ስል ሳይሆን የተድቦለቦለ ነው፤ በፈሳሽ ሂሊየም፣ በ4.2 ኬልቪን፣ ይኸው መጠን ወደ 0.2 ማይክሮአምፔር ይወርድ ነበር። ለእኔ ግን በናይትሮጅን መሥራት መቻሉ ከዚህ ጉዳት ይበልጣል።

ይልቅ አስተማሪው ሊጠነቀቅበት የሚገባው የመጋጠሚያው ዓይነት ነው። እዚህ ያለው መጋጠሚያ ጆሴፍሰን እንዳሰበው በሁለት ብረቶች መካከል የተቀመጠ የማያስተላልፍ ንጣፍ አይደለም፤ አቅጣጫቸው የተለያየ ሁለት የክሪስታል ክፍሎች የሚገናኙበት ድንበር ነው። በዚህ ቁስ ውስጥ የኤሌክትሮን ጥንዶች ስፋት ጥቂት ናኖሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ የክሪስታሉ መዛነፍ ብቻውን ትስስሩን ለማዳከም ይበቃል፤ የመዛነፉ ማዕዘን ሲሰፋም የሚያልፈው ከረንት በፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ በናዮቢየምና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ መጋጠሚያዎች ላይ የሚታየው፣ ከረንቱ ሲጨምርና ሲቀንስ መስመሩ የተለያየ መንገድ የሚከተልበት ባሕርይ እዚህ አይገኝም። የተነባበሩ ቁሶች ጉዳይም ከመሣሪያው አቅም ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ራይንሆልድ ክላይነርና ፓውል ሙለር እንዳሳዩት፣ ቢስመዝ ባለበት የመዳብ ኦክሳይድ ክሪስታል ውስጥ ሱፐርኮንዳክተር የሆኑት ንጣፎች በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተደራርበው፣ እያንዳንዱ ከቀጣዩ ጋር በ1.5 ናኖሜትር ርቀት ላይ የጆሴፍሰን መጋጠሚያ ይሠራል፤ በአንድ ማይክሮሜትር ውፍረት ውስጥም ከ600 በላይ መጋጠሚያዎች ይገኛሉ። ይህን የሚያስተምር ሰው በቃልና በሥዕል መሙላት ይኖርበታል።

የማይክሮዌቭ ምንጭ ያለው ቤተ ሙከራ ግን ሌላም ነገር ያገኛል። 10 ጊጋኸርዝ ሞገድ ወደ ቺፑ ሲላክ በመስመሩ ላይ በየ20.7 ማይክሮቮልቱ ደረጃዎች ይፈጠራሉ፤ ሳጥኑ ቮልቴጁን 10,000 ጊዜ ስለሚያጎላው አንዱ ደረጃ በስክሪኑ ላይ 0.2 ቮልት ገደማ ይሆናል። የዓለም የቮልት መመዘኛ የቆመውም በዚሁ ክስተት ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ላሉ የትምህርት ክፍሎች፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ለከብት ሰው ሠራሽ ማዳቀል ሥራ የሚውል በመሆኑ ፈጽሞ እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ ሂሊየምን ማግኘት ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል። ኦሲሎስኮፕና አስተማማኝ የናይትሮጅን አቅርቦት ያለው፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን የሚያስተምር ክፍል ያለ ማመንታት ቢገዛው እመክራለሁ። ዓላማው ተንሳፋፊ ማግኔት ማሳየት ብቻ ለሆነ ክፍል ግን ወጪው አያስፈልግም።