የ67 ሙስታንግ ወይስ የ67 ካማሮ? የቱን ልግዛ ለምትሉ

አሜሪካ ሆናችሁ አሮጌ ክላሲክ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ቀጥታ ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያችሁ ከሆነ እኔ ሙስታንግ ነው የምለው፣ ካማሮን ጠልቼው ሳይሆን ካማሮ ላይ መሸወድ በጣም ቀላል ስለሆነ ነው።

ፎርድ ሙስታንግን በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1964 ሲያወጣው ከስር ብዙው እቃ የፋልከን ነበር፣ ርካሹን የቤተሰብ መኪና አዲስ ቦዲ አልብሶ ገበያውን ጠራርጎ ወሰደው። ሸቭሮሌ በካማሮ መልስ የሰጠው በ1966 መጨረሻ ላይ ነው፣ ስለዚህ ፊት ለፊት የተገናኙት በ1967 ሞዴል ነው። በዛ ሞዴል ሙስታንግ ወደ 472 ሺ፣ ካማሮ ወደ 221 ሺ ተመረተ፣ ለዛም ነው ዛሬም ሙስታንግ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው።

አሁን ዋናው ነገር የሻንሲ ቁጥሩ ነው። የ67 ሙስታንግ ላይ አምስተኛዋ ፊደል ሞተሩን ትነግራችኋለች፣ ቲ ከሆነ ስድስት ሲሊንደር፣ ሲ ከሆነ 289 ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው)፣ ኤስ ከሆነ ትልቁ 390 ነው። በዛ ላይ ከ1967 ጀምሮ ላሉት ማርቲ ሪፖርት የሚባል አለ፣ ከፎርድ የራሱ መዝገብ ነው የሚወጣው፣ ቀለሙን ካምቢዮውን ሁሉ ይነግራችኋል። ካማሮው ግን ቁጥሩ 123 ብሎ ከጀመረ ስድስት ሲሊንደር፣ 124 ካለ ቪ8 ነው፣ በቃ። ኤስኤስ ይሁን ዜድ28 የሚባሉት ፈጣኖቹ የካማሮ ዓይነቶች ይሁን አይልም! ስለዚህ ተራውን 124 ገዝቶ አርማ ለጥፎ መስመር ቀብቶ ኤስኤስ ነው ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል። የ67 ዜድ28 በጠቅላላ 602 ብቻ ነው የተሰራው፣ ትራንስ አም ለሚባለው የመኪና ውድድር ታስቦ የ283 ሞተርን ክራንክ የ327 ሞተር ብሎክ ውስጥ ከተው 302 ሞተር ያወጡለት መኪና ነው፣ እውነተኛው ሲገኝ ልብ ያቆማል፣ ግን ሻጩ የድሮ ወረቀት ካላሳያችሁ የተራ ካማሮ ዋጋ ክፈሉ።

ዝገት ላይ ሁለቱም አይማሩም። ሙስታንግ ላይ ከፊት መስታወቱ ስር ያለችው የአየር ማስገቢያ ውስጥ ውሃ አፍስሱና ምንጣፉን ገልጣችሁ በእጃችሁ ዳስሱ፣ እርጥበት ካገኛችሁ ውስጡ በልቷል ማለት ነው፣ እሱን ለማደስ ደግሞ ብየዳው አንድ በአንድ ተበስቶ ነው የሚፈታው፣ የእጅ ዋጋው ከባድ ነው። ካማሮ ላይ የኋላ መስታወቱን ግርጌና የሻንጣውን ወለል እዩ፣ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው።

ለመስራት ከሆነ ካማሮው ይሻላል ማለት አለብኝ፣ የፊት ሻንሲው በብሎን ስለታሰረ ወርዶ ይታደሳል። ሙስታንግ 390 ላይ ግን የሞተሩ ቦታ በጣም ከመጥበቡ የተነሳ ካንዴላ መቀየር ራሱ ስቃይ ነው፣ 289ኙ ይበቃችኋል።

ኢትዮጵያ እልከዋለሁ ለምትሉ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አታስቡት።

ልባችሁ የግድ ካማሮ ካለ ወንድሙን ፖንቲያክ ፋየርበርድን እዩት፣ ከስር ያው መኪና ነው፣ የፖንቲያክ መዝገብ ደግሞ ስላልጠፋ ፒኤችኤስ ከሚባለው ድርጅት የየመኪናውን ወረቀት ማውጣት ትችላላችሁ።