ስልክን ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኘው ገመድ አልባ መቀበያ

ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን ባለ 32 ኢንች ነው፤ ስማርት አይደለም፤ ከጀርባው ግን ሁለት የኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ ከሌላ ዕቃ የሚቀበል) እና አንድ የዩኤስቢ መሰኪያ አለው። ባሕር ማዶ የምትኖረው እህቴ የልጇን የክርስትና ቪዲዮ በቴሌግራም በላከችልን ሰሞን፣ እናቴ ስልኬን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ መነጽሯን እያወለቀችና እያጠለቀች የሕፃኑን ፊት ለመለየት ስትደክም አየሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም ለየብቻው ስላየው፣ አንዱ ሲደሰት ሌላው ገና ተራውን ይጠብቅ ነበር። አዲስ ቴሌቪዥን መግዛት በዚህ ዘመን ከአቅማችን በላይ በመሆኑ፣ የስልኩን ስክሪን ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያሻግር ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ ነበር። ሻጩ «ለሁሉም ስልክ ይሠራል» ብሎ አረጋገጠልኝ፤ ቤት ገብቼ ስሰካው ግን በቴሌቪዥኑ ላይ ምንም ምስል አልመጣም፤ በማግስቱ ገመዱን ይዤ ብመለስም ገንዘቤን አላገኘሁም። ኋላ እንደተረዳሁት ገመዱ አልተበላሸም ነበር። በእንዲህ ያለ ገመድ ምስል እንዲወጣ ስልኩ ራሱ በቻርጅ ቀዳዳው በኩል የምስል ምልክት መላክ እንዲችል ሆኖ መሠራት አለበት፤ የሳምሰንግ ኤስ8 ወይም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይፎን 15 ይህን ይችላሉ፤ በመካከለኛና በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ስልኮች አብዛኞቹ ግን ቀዳዳው ታይፕ ሲ ቢሆንም ቻርጅ ከማድረግና ፋይል ከማስተላለፍ አያልፉም። ስለዚህ ገመድ የሚገዛ ሰው ስልኩን ይዞ ሄዶ፣ ሱቁ ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉን በዓይኑ ሳያይ ገንዘቡን እንዳይከፍል አጥብቄ እመክራለሁ።

በሁለተኛው ጉዞዬ የገዛሁት አሁን የምገመግመውን ገመድ አልባ መቀበያ ነው። መጠኑ ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም፤ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ላይ ይሰካል፤ ኃይል የሚያገኘው ደግሞ አብሮት በሚመጣው የዩኤስቢ ገመድ ነው። የሚሠራው ሚራካስት በሚባለውና የዋይፋይ አሊያንስ የተባለው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ስልት ነው፦ ስልኩ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ እየጨመቀ በቀጥታ ወደ መቀበያው ይልካል፤ በመካከላቸው የቤት ዋይፋይም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ጎረቤቶቼ ሁሉ የሚያስቀድሙት ጥያቄ «ዳታ ይበላል ወይ?» የሚል ነው። ስልኩ ላይ የተቀመጠ ፎቶና ቪዲዮ ለማሳየት አንድ ሜጋባይት እንኳ አይወስድም፤ ዩቲዩብ ከተከፈተ ግን የሚወጣው ዳታ በስልኩ ብቻ ሲታይ ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። የዳታ ጥቅል እየቆጠረ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዕቃውን እንድወደው ያደረገኝም ከሁሉ በላይ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግን አልተሳካልኝም። ምስሉ ይመጣና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መቀበያው ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሣል። ምክንያቱ ኃይል ነበር፦ በቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ተራ የዩኤስቢ ቀዳዳ ግማሽ አምፔር ያህል ብቻ ሲሰጥ መቀበያው አንድ አምፔር ይፈልጋል። ገመዱን ነቅዬ በስልክ ቻርጀር ላይ ከሰካሁት ወዲህ ችግሩ አልተመለሰም። በሳምሰንግ ስልክ ማገናኛው «ስማርት ቪው» በሚል ስም ይገኛል፤ በሌሎች አንድሮይድ ስልኮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ካስት» ይባላል። አይፎን ሚራካስትን አያውቅም፤ እኔ የገዛሁት መቀበያ ጎኑ ላይ ያለችው ቁልፍ ስትጫን አፕል ወደሚጠቀምበት ወደ ኤርፕሌይ ስለሚቀየር አንዲት ዘመዳችን ለእረፍት ስትመጣ በአይፎኗ ተጠቅማበታለች።

ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ የምናየው ጥራት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ለ32 ኢንች ቴሌቪዥን የሚበቃ ነው እንጂ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ብዥ ማለቱ አይቀርም። ከጥራቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ስልክ ቀጥ ተደርጎ የተቀረጸ ቪዲዮ የሚታይበት መንገድ ነው። የተለመደው ቀጥ ያለ ቪዲዮ ቁመቱ ለወርዱ 16 ለ9 ነው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ወርዱ ለቁመቱ 16 ለ9 በመሆኑ ምስሉ የሚይዘው የስክሪኑን ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የክርስትናው ቪዲዮ እንዲህ ነበር። እህቴን ከዚያ ወዲህ የምትልክልንን ሁሉ ስልኳን አጋድማ እንድትቀርጽ ለመንኳት፤ ልዩነቱ እንደ ሌሊትና ቀን ነው።

በስልኩ ላይ የነካሁት ነገር በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ጥቂት ዘግይቶ ነው። ድምፁና ምስሉ አብረው ስለሚዘገዩ ለፎቶ፣ ለቪዲዮና ለልጆች ትምህርት ጉዳት የለውም፤ ለጌም ግን አይሆንም። እግር ኳስ በቀጥታ ለማየት ሞክረን ነበር፤ ስልኩ በአንድ በኩል ከኢንተርኔት እየተቀበለ በሌላ በኩል ወደ መቀበያው ስለሚልክ፣ በተለይ የኮንዶሚኒየሙ ዋይፋይ ሁሉ በሚጨናነቅበት የምሽት ሰዓት፣ ምስሉ እየቆመ ይሄዳል፤ ስልኩም ይግላል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ የሚከፈልባቸው የፊልም አገልግሎቶች ደግሞ ቅጂ እንዳይወሰድ ስለሚከላከሉ፣ በዚህ መንገድ ሲከፈቱ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ቤቱ ያልተገደበ ዋይፋይ ያለው ሰው ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2024 ያመርተው እንደነበረው ክሮምካስት ያለ፣ ቪዲዮውን ራሱ ከኢንተርኔት የሚስብና ስልኩን እንደ ሪሞት ብቻ የሚጠቀም መሣሪያ ቢፈልግ ይሻለዋል። ስማርት ቲቪ ያለው ደግሞ ምንም ከመግዛቱ በፊት የቴሌቪዥኑን ዝርዝር ይፈትሽ፤ ብዙዎቹ ይህን ሥራ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይሠራሉ።

ሁለት ጥንቃቄዎች ሻጭ የማይነግራችሁ ናቸው። የእኔ መቀበያ ከፋብሪካ ሲወጣ የይለፍ ቃሉ ከአንድ እስከ ስምንት የተደረደሩ ቁጥሮች ናቸው፤ ካልተቀየረ ማንም ጎረቤት ሊገባበት ይችላል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፦ ስልኩ ላይ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል፤ እንግዶች ባሉበት ከባንክ የመጣ የሒሳብ መልእክት ከነቁጥሩ ሳሎን መካከል ታይቶብኛል። አሁን ከማገናኘቴ በፊት የስልኩን ማሳወቂያዎች አጠፋለሁ።

ባለፈው እሑድ ተጋድሞ የተቀረጸው የሕፃኑ የልደት ቪዲዮ ደርሶን ስድስት ሆነን በአንድ ጊዜ አየነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከወንበሯ ሳትነሣ ሕፃኑ ሻማውን ሊያጠፋ ሲያጎነብስ «እዚህ ላይ አቁሙት» አለች፤ አቆምነው፤ ግንባሩ የአባቷ እንደሆነ እያሳየችን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።